ወዳጆቹ እስኪገሥጹት ድረስ

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው ምእት ዓመት የነበረው የግሪኩ ባለታሪክ ሄሮዶቶስ ስለ ግብፅ ሰዎች ልማድ በጻፈበት ክፍል ካስደነቁት ነገሮች አንዱ፣ ሌላው ሕዝብ የቅርብ ዘመድ ሲሞትበት ራሱን የሚላጭ ሲሆን፣ ዘወትር ተላጭተው የሚኖሩት ግብፃውያን ግን በኀዘን ጊዜ የራሳቸውን ጠጕርና የአገጫቸውን ጢም ማሳደጋቸው ነበር። ነገሩ ለሄሮዶቶስ እንግዳ ይሁንበት እንጂ ለእኛ አገር ሰው ሁለቱም ጠባይ የታወቀ ነው፤ በደጋው አገር ባሏ ወይም ልጇ የሞተባት ሴት ጠጕሯን ተላጭታ ጥቁር ለብሳ ስትቀመጥ፣ በዚያው ቤት ያለው ወንድ ደግሞ ጢሙን ሳይነካ ሲያሳድግ ማየት የተለመደ ነበርና። አንዷ በመላጨት ሌላው ባለመላጨት የሚናገሩት ነገር አንድ ነው፤ ኀዘን የገባበት ሰው ትናንት የነበረውን መልክ ዛሬ ሊይዝ አይወድም፤ ቢወድም እንኳ ጎረቤቱ አይፈቅድለትም።

የአይሁድ ሃይማኖት ከሁለቱ ማሳደግን መርጦ፣ ቀን እየቈጠረና ዘመድ እየለየ ሕግ አድርጎ አጽንቶታል፤ እዚህ ላይ ለመድረስ ግን ዘመን ፈጅቶበታል፤ በብሉይ ኪዳን መጻሕፍት የሚታየው ኀዘንተኛ ብዙ ጊዜ የተላጨ ነውና። ኢዮብ የልጆቹን ሞት በሰማ ጊዜ ልብሱን ቀዶ ራሱን ተላጭቷል። ኢዮብ ከእስራኤል ወገን አይደለም ቢባል፣ ነቢዩ ኤርምያስ፣ ባቢሎናውያን በይሁዳ ላይ የሾሙት ጎዶልያስ ከተገደለ በኋላ፣ ከሴኬም ከሴሎና ከሰማርያ የተነሡ 80 ሰዎች ጢማቸውን ተላጭተው፣ ልብሳቸውን ቀደው፣ ገላቸውንም ተልትለው፣ ቍርባንና ዕጣን ይዘው ወደ እግዚአብሔር ቤት ሲጓዙ ያሳየናል፤ ቍርባን ተሸክሞ የፈረሰ መቅደስ ድረስ የሚሄድ ሰው በሃይማኖቱ የሚታማ አይደለም። ኢሳይያስና ሚክያስም ራስን መላጨትን ከልቅሶና ከማቅ ጋር ደርበው የሚጠሩት እንደ ነውር ሳይሆን እንደ ተገቢ የኀዘን ምልክት ነው።

ይህ ሁሉ እያለ ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 14 ስለ ሞተ ሰው ገላን መተልተልንና በዓይኖች መካከል መላጨትን ይከለክላል፤ ኦሪት ዘሌዋውያንም በምዕራፍ 19 የራስን ዙሪያ መከርከምንና የጢምን ጠርዝ ማጥፋትን ለሕዝቡ ሁሉ፣ በምዕራፍ 21 ደግሞ ራስን መላጨትን ለካህናቱ ለይቶ ያግዳል። ልዩነቱን ለማስታረቅ የደከሙት ሊቃውንት፣ ገሚሶቹ ክልከላው የወጣው በዙሪያው የነበሩ አሕዛብ ለሙታናቸው ከሚያደርጉት አምልኮ ሕዝቡን ለመለየት ነው ሲሉ፣ ገሚሶቹ ደግሞ ልማዱ ቀድሞ የነበረ፣ ሕጉ ዘግይቶ የጸና ነው ይላሉ። ሁለቱ አሳቦች እርስ በርሳቸው የሚጣሉ አይመስለኝም፤ ሕግ አንድን ነገር በሦስት ቦታ እየመላለሰ የሚከለክለው ሰዎች እየመላለሱ ሲያደርጉት ነው።

ታዲያ ማሳደጉ ከየት መጣ? በኦሪት ውስጥ ኀዘንተኛ ጠጕሩን ያሳድግ የሚል ግልጥ ትእዛዝ የለም። የአሮን ልጆች ናዳብና አብዩድ ያልታዘዙትን እሳት በእግዚአብሔር ፊት አቅርበው በሞቱ ጊዜ፣ ሙሴ ለአባታቸው ለአሮንና ለተረፉት ወንድሞቻቸው ለአልዓዛርና ለኢታምር፣ የቅብዐቱ ዘይት በላያቸው ስላለ ራሳቸውን ሳይከረክሙ እንዳይተዉ ልብሳቸውንም እንዳይቀዱ ነገራቸው፤ የተገኘው ይህ ብቻ ነው። የአይሁድ ሊቃውንት የሕግና የትርጓሜ መጽሐፍ በሆነው በታልሙድ፣ ሞዔድ ቃጣን በተባለው ክፍል ሊቃውንቱ ይህን ክልከላ ገልብጠው ያነቡታል፤ ካህናቱ ስለ አገልግሎታቸው ተለይተው እንዳያሳድጉ ከታዘዙ፣ ቅብዐት የሌለበት ሌላው ሰው ማሳደግ እንደሚገባው ከዚያው ቃል ይታወቃል ይላሉ። የቀኑም ልክ በትርጓሜ የተገኘ ነው። ስለ ናዝራዊ በኦሪት ዘኁልቍ የተነገረው የጠጕር ቃል ለአሮን ልጆች ከተነገረው ጋር አንድ ሥር ያለው ስለ ሆነ፣ ዘመኑ ያልተወሰነ የናዝራዊ ስእለት 30 ቀን እንደ ሆነ ሁሉ የኀዘንተኛውም 30 ቀን ይሁን አሉ፤ የናዝራዊው 30 ቀን ራሱ በዚያ ጥቅስ ውስጥ ካለ ከአንድ ግሥ የፊደላት ቍጥር የወጣ ነው። በአንድምታ ትርጓሜ ጕባኤ ያደገ የእኛ አገር ሊቅ ቢሰማው፣ በዝርዝሩ ይከራከር ይሆናል እንጂ በአካሄዱ አይደነግጥም።

በዚህ መሠረት ላይ ያነጹት ሥርዓት ኀዘንን በደረጃ ይከፍለዋል። ከቀብር በኋላ ሽቫ የሚባሉት 7 ቀኖች ይመጣሉ፤ በእነዚህ ቀኖች ኀዘንተኛው ከቤቱ አይወጣም፣ በዝቅተኛ መቀመጫ ይቀመጣል፣ የቆዳ ጫማ አይጫማም፣ ሥራውን ይተዋል፤ ከቀብር ሲመለስ የሚበላውን የመጀመሪያ ማዕድ፣ ብዙ ጊዜ እንቍላልና ምስር፣ ጎረቤቶቹ ያቀርቡለታል። ቀጥሎ ሽሎሺም የተባለው፣ ሰባቱን ቀኖች ጨምሮ እስከ 30ኛው ቀን የሚዘልቀው ወራት ነው፤ ሰውየው ወደ ገበያውና ወደ ሥራው ይመለሳል፣ በጠጕሩና በጢሙ ላይ ግን ምላጭም መቀስም አያሳርፍም። ይህ ሁሉ የሚገባው ለአባት፣ ለእናት፣ ለወንድ ልጅ፣ ለሴት ልጅ፣ ለወንድም፣ ለእኅት፣ እንዲሁም ለባል ወይም ለሚስት ነው፤ ለአያት ወይም ለአጎት ማዘን የልብ እንጂ የሕግ ግዴታ አይደለም።

በስፔን ተወልዶ በገሊላ ባለችው በጽፋት ያስተማረው ረቢ ዮሴፍ ካሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1565 በቬኒስ በታተመው ሹልሐን ዓሩክ በተሰኘው የሕግ መጽሐፉ ነገሩን እስከ ጥቃቅኑ ያወርደዋል፤ ክልከላው የራስን ብቻ ሳይሆን የገላን ጠጕር ሁሉ እንደሚይዝ፣ ማበጠር ግን በሰባቱ ቀን ውስጥ እንኳ እንደሚፈቀድ፣ ጥፍር በመቀስ እንደማይቈረጥ ነገር ግን በእጅ ወይም በጥርስ ቢነቀል እንደማያስወቅስ፣ በከንፈር ላይ ወርዶ አመጋገብን የሚያውክ ሪዝ ከሰባቱ ቀን በኋላ እንደሚከረከም ይናገራል። በፖላንድ የክራኮቭ ከተማ ረቢ የነበረው ሙሴ ኢሰርለስ በዚሁ መጽሐፍ ላይ የአውሮጳን ሰሜን አይሁድ ልማድ ኅዳግ አድርጎ ሲጽፍበት በአንዳንድ ቦታ ያጠብቀዋል፤ ካሮ ለሴቶች ከ7 ቀን በኋላ ጠጕር መቈረጥን ሲፈቅድ፣ ኢሰርለስ ለእነርሱም 30ውን ቀን ያጸናል። ሕጉ እስከ ጥፍር መውረዱ የሚያስቀው አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም፤ ነገር ግን ኀዘን ላይ ያለ ሰው ከሁሉ ይልቅ የሚቸግረው እንዲህ ያለው ትንሽ ነገር መሆኑን፣ ይህን ባደርግ ሰው ምን ይለኛል እያለ የሚጨነቀውም በዚሁ መሆኑን ያየ ሰው፣ መልሱ ተጽፎ መገኘቱን እንደ ዕረፍት ይቈጥረዋል።

ሟቹ አባት ወይም እናት ሲሆን ግን ቍጥሩ ይለወጣል። የኀዘኑ ዘመን 12 ወር ነው፤ የአይሁድ አቈጣጠር አንዳንዱን ዓመት 13 ወር ስለሚያደርገው፣ በእንዲህ ያለው ዓመት እንኳ ኀዘኑ ከ12 ወር አያልፍም። ስለ ጠጕሩ ግን ታልሙድ ቀን ቈጥሮ አይወስንም፤ ከ30ው ቀን አልፎ ጠጕሩ ከመርዘሙ የተነሣ ወዳጆቹ አይተው እስኪገሥጹት ድረስ ይቆይ ይላል። ይህን ሥርዓት በመረመርሁ ቍጥር አሳቤን የሚይዘው ይህ አንድ ድንጋጌ ነው። ሕግ አውጪው ቀኑን መወሰን ተስኖት አይደለም፤ ለወንድም 30 ብሎ መወሰን የቻለ ለአባት 100 ማለት አያቅተውም ነበር። ለአባቱ የሚያለቅስ ልጅ ኀዘኑን በራሱ ፈቃድ ከጨረሰ፣ አባቱን ቶሎ የረሳ ይመስለዋል፤ እንዳይጨርስ ቢታዘዝ ደግሞ ከሰው ተራ ይወጣል፤ ስለዚህ መጨረሻው ከእርሱ እጅ ወጥቶ በወዳጆቹ አፍ ላይ ተቀመጠ። እርሱ ማሳደግ ብቻ ነው ያለበት፤ ይብቃህ የሚለው ሌላ ሰው ነው። ከእኛም ዘንድ ጥቁር ለብሶ ዓመት የተቀመጠን ሰው ዘመድና ሽማግሌ ተሰብስቦ ልብሱን የሚያስለውጠው ከዚህ አሳብ ብዙ የራቀ አይደለም።

እዚህ ላይ፣ ልጅ የሞተበት ወላጅ ኀዘን ወላጅ ከሞተበት ልጅ ኀዘን ይበልጣል እንጂ ያንሳል ወይ፣ ለልጅ 30 ቀን ለአባት ዓመት ማለት የተገላበጠ ፍርድ አይደለም ወይ የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ሕጉ የሚለካው የሕመሙን መጠን ቢሆን ኖሮ ጥያቄው መልስ አልነበረውም። የሚለካው ግን ክብርን ነው፤ ከዐሠርቱ ቃላት አንዱ አባትህንና እናትህን አክብር የሚል ሲሆን፣ ስለ ልጅ እንዲህ ያለ ትእዛዝ አልተሰጠም፤ የዓመቱ ኀዘን የዚያ ክብር ቅጥያ ነው። ልጇን የቀበረች እናት ግን ይህ መልስ የሚያጽናናት አይመስለኝም፤ ሕጉም እንድትጽናና አላዘዛትም።

በዓል ሲመጣ ሥርዓቱ ሌላ ጠባይ ያሳያል። ሞዔድ ቃጣን የተባለው ክፍል በመሠረቱ በፋሲካና በዳስ በዓላት ውስጥ ስላሉት የመካከል ቀኖች የተጻፈ ሲሆን፣ አብዛኛው የኀዘን ሕግ ደግሞ በዚያው ይገኛል፤ ሁለቱ የሚገናኙት በዓል ኀዘንን ስለሚሽር ነው። ሰባቱን ቀን ጨርሶ በሠላሳው ውስጥ ያለ ኀዘንተኛ በዓል ቢደርስበት፣ የቀሩት ቀኖች ተሽረውለት በበዓሉ ዋዜማ ይላጫል፤ የሕዝብ ደስታ የአንዱን ሰው ኀዘን ያቋርጠዋል። በዚሁ ክፍል ያለው፣ የታልሙድ መሠረት የሆነው የሕግ ጽሑፍ ሚሽና፣ በበዓሉ መካከል ቀኖች ማንም እንዳይላጭ ከከለከለ በኋላ ከባሕር ማዶ ለመጣ፣ ከምርኮና ከእስር ቤት ለወጣ ይፈቅዳል፤ ሌላው ሰው ተዘጋጅቶ ወደ በዓሉ እንዲገባ እንጂ በቸልታ ጐፍሮ እንዳይገባ ነው። ለአባትና ለእናት ግን ዋዜማው ብቻውን አይበቃም፤ እዚያም የወዳጆች ተግሣጽ ያስፈልጋል።

አንድ ቤት ብቻ ሳይሆን ሕዝቡ ሁሉ የሚያዝንባቸው ወራትም አሉ። ከፋሲካ እስከ በዓለ ሰንበታት ባሉት 49 ቀኖች ውስጥ የረቢ ዓቂባ 24,000 ደቀ መዛሙርት ማለቃቸውን ታልሙድ ይተርካል፤ በእነዚያ ቀኖች አለመላጨት ከታልሙድ በኋላ የተነሣ ልማድ ነው፤ አብዛኞቹ እስከ 33ኛው ቀን ሲጠብቁት፣ የጽፋቱን ባሕታዊ የይስሐቅ ሉርያን ፈለግ የሚከተሉት እስከ በዓለ ሰንበታት ዋዜማ ድረስ ያጸኑታል። በ33ኛው ቀን ብዙ ሕዝብ በገሊላ ወደ ሜሮን ተራራ፣ ወደ ረቢ ስምዖን ባር ዮሓይ መቃብር ይወጣል፤ እሳት ይነዳል፣ ሦስት ዓመት የሞላቸው ወንዶች ልጆችም ጠጕራቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ይቈረጣሉ። በክረምቱ ደግሞ የኢየሩሳሌም ቅጥር ከተጣሰበት በአይሁድ አቈጣጠር ከታሙዝ ወር 17 ቀን ጀምሮ ሁለቱም ቤተ መቅደሶች፣ አንደኛው ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ586፣ ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ70 ጠፉ እስከሚባልበት እስከ አብ ወር 9 ቀን ድረስ ያሉት ሦስት ሳምንታት የኀዘን ናቸው። ሚሽና የከለከለው አብ 9 በሚውልበት ሳምንት መላጨትን ብቻ ነበር፤ የሰሜን አውሮጳ አይሁድ ወደ ሦስቱም ሳምንታት አስፍተውታል።

እ.ኤ.አ. በ1993 ያረፈው የቦስተኑ ረቢ ዮሴፍ ሶሎቬይችክ በዚህ ላይ ያስተማረው ትምህርት የብልህ ሰው ትምህርት ነው። የአንድ ሰው ኀዘን ከቀብር ቀን ጀምሮ እየቀለለ ከሰባት ወደ ሠላሳ፣ ከሠላሳ ወደ ዓመት ሲሄድ፣ የመቅደሱ ኀዘን ግን በተቃራኒው ከቀላሉ ተነሥቶ ወደ ከባዱ ይወጣል፤ ሦስቱ ሳምንታት እንደ ዓመቱ ኀዘን፣ ከአብ 1 የሚጀምሩት ቀኖች እንደ ሠላሳው፣ አብ 9 ራሱ እንደ ሰባቱ ይቈጠራሉ። ከዚህም ተነሥቶ፣ ለአባቱ የሚያዝን ሰው በዓመቱ ውስጥ ከተግሣጽ በኋላ የሚላጭ ከሆነ፣ በሦስቱ ሳምንታት መጀመሪያም በየቀኑ የሚላጭ ሰው መላጨት ይችላል አለ።

መርዶ ከሩቅ ሲመጣ ምን ይደረጋል የሚለውም በሥርዓቱ ውስጥ ቦታ አለው። ወሬው በ30 ቀን ውስጥ ከደረሰ ኀዘንተኛው ከሰማበት ቀን ጀምሮ ሰባቱንም ሠላሳውንም ይቈጥራል፤ ከ30 ቀን በኋላ ከደረሰ ግን አንድ ሰዓት ብቻ ተቀምጦ ይነሣል፣ ለአባትና ለእናት ካልሆነ በቀር ጠጕርን ማሳደግም የለበትም። ታልሙድን ሳያውቁ በኦሪት ጸንተው የኖሩት ቤተ እስራኤል፣ እ.ኤ.አ. በ1984 በሱዳን በኩል፣ በ1991 ደግሞ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል በብዛት ሲገቡ፣ የራሳቸውን ተዝካር ይዘው ከዚህ ሕግ ጋር ተገናኙ፤ የዘመድ ሞት ከወራት በኋላ በደብዳቤ ወይም በመንገደኛ አፍ ለሚደርሰው ቤተሰብ፣ አንድ ሰዓት ተቀምጦ መነሣት ከጎንደር ካመጡት የመርዶ ሥርዓት ጋር ሲነጻጸር እጅግ አጭር መሆኑን ለመረዳት ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

አሁን ሥርዓቱን ከሁሉ ይልቅ የለወጠው የዕለት መላጨት ነው። ምላጭ በጢም ላይ በማናቸውም ጊዜ ቢሆን በኦሪት ዘሌዋውያን ቃል የተከለከለ ስለ ሆነ፣ ሃይማኖቱን የሚጠብቅ አይሁዳዊ ዘወትር ጢሙን ያሳድግ ወይም በመቀስ ይከረክም ነበር፤ የኤሌክትሪክ መላጫ ሲመጣ ብዙ ረቢዎች ሥራው እንደ መቀስ ነው ብለው ፈቀዱት፣ ሌሎች ግን እስከ ዛሬ አልተቀበሉትም። የተፈቀደለት ሰው በየጧቱ እየተላጨ ቢሮ መግባት ልማዱ ሆነ። በድሮ ጊዜ ወዳጆች የሚገሥጹት ጠጕር ለመርዘም ሦስት ወር ያህል ይፈጅ ስለ ነበር፣ ኢሰርለስ ልማዱ ሦስት ወር ነው ብሎ ጽፎ ነበር፤ ዛሬ ግን ሁልጊዜ ልስልስ ብሎ የሚታይ ፊት ሳይላጭ ሠላሳ ቀን ሲቆይ፣ የሥራ ጓደኞቹ ከሠላሳው ቀን በፊት መጠየቅ ይጀምራሉ፤ ስለዚህ ብዙ የአሁን ዘመን መምህራን ለወላጅ የሚያዝነው ሰው ሠላሳው ቀን እንዳለፈ ቶሎ እንዲላጭ ይፈቅዱለታል። እስከ 1986 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ የኖረው ረቢ ሞሼ ፋይንስታይንም፣ በሕዝቡ ኀዘን ወራት ባለመላጨቱ እንጀራውን የሚያጣ ሰው እንዲላጭ መፍቀዱ የታወቀ ነው። በእስራኤል ሠራዊት መላጨት ግዴታ ቢሆንም ኀዘንተኛው ወታደር በሠላሳው ቀን ውስጥ ሳይላጭ እንዲቆይ ይፈቀድለታል፤ አለቃው የፊቱን ጢም አይቶ ምክንያቱን ይረዳዋል።

ተግሣጹ በቃል መነገር አለበት ወይስ ጠጕሩ የሚያስገሥጽ ልክ መድረሱ ይበቃል የሚለው ጥያቄ ግን አሁንም ያከራክራል። ልኩ ይበቃል የሚሉት፣ ወዳጅ የሌለው ወይም ወዳጆቹ አፍረው ዝም ያሉት ሰው ዓመቱን ሙሉ ጐፍሮ እንዳይቀር ያስባሉ፤ በቃል ይነገር የሚሉት ደግሞ ሕጉ ወዳጆችን የጠራው በከንቱ አይደለም ይላሉ። በዚህ ምክንያት በብዙ ምኵራብ፣ ከጸሎት በኋላ አንዱ ወዳጅ ወደ ኀዘንተኛው ቀርቦ፣ ቀደም ሲል ተነጋግረውበት ቢሆን እንኳ፣ ወንድሜ መልክህ አላማረም፣ ጠጕርህን ተስተካከል ብሎ በግልጥ ይናገረዋል። ሌላም ክርክር አለ፤ አንድ ጊዜ የተገሠጸ ሰው ለሚቀጥለው መስተካከል እንደ ገና ተግሣጽ ይጠብቅ ወይስ የመጀመሪያው ይበቃዋል ሲባል፣ እንደ ገና ይጠብቅ ከሚሉት ጋር የተስማማ ሰው በዓመቱ ውስጥ ሁለትና ሦስት ጊዜ ከወዳጆቹ ወቀሳ ይቀበላል። 12 ወሩ ሲሞላ ግን ማንም ሳይናገረው ተነሥቶ ወደ ጠጕር አስተካካዩ ይሄዳል።